ከብሪጅ እስከ ራደር፦ የመርከብ መሪ ማሽን እንዴት ይሠራል?

ዋና መሥሪያ ቤቱ ለገሃር በሚገኘው በኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሥር የሚንቀሳቀሱ መርከቦች በስተኋላቸው፣ ከስማቸው ዝቅ ብሎ፣ «አዲስ አበባ» የሚል ጽሑፍ ይዘው ይጓዛሉ። መርከብ የተመዘገበችበት ቦታ ስም በኋላዋ ላይ ስለሚጻፍ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው ከተማችን ስሟ በሩቅ ወደቦች ይነበባል። ከዚያ ጽሑፍ በታች፣ ውኃው ውስጥ፣ ከፕሮፔለሩ ጀርባ፣ የባሕር ሰዎች ራደር የሚሉት ሰፊ የብረት ሰሌዳ በወፍራም ዘንግ ላይ ተተክሎ ይገኛል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቶን የተሸከመች መርከብ ወደ ቀኝም ሆነ ወደ ግራ የምትታጠፈው በዚህ ሰሌዳ አማካይነት ነው። ይህ ማብራሪያ የሚመለከተው ሰሌዳውን የሚያዞረውን መሣሪያ፣ ማለትም ብሪጅ በሚባለው የመርከቧ ማዘዣ ክፍል ውስጥ በቆመው ሰው እጅና በራደሩ ዘንግ መካከል ያለውን የመሪ ማሽን ነው።

ስለ መሪ ማሽን ሲነሳ አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚታየው የጉልበት ጉዳይ ነው፤ ያን ያህል ብረት ውኃ ውስጥ ለማዞር ብዙ ኃይል ያስፈልጋልና። ኃይል ማግኘቱ ግን ከሦስቱ ጥያቄዎች ቀላሉ ነው። ራደሩ አንዴ ከዞረ በኋላ ማዕበል ሲመታው ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል መያዝ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። የታዘዘው ማዕዘን ላይ ሲደርስ በራሱ እንዲቆም ማድረግ ደግሞ ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ነው። ሦስቱም ጥያቄዎች ኤሌክትሮኒክስ ከመፈጠሩ ከረዥም ጊዜ በፊት በብሎን፣ በዳዶ፣ በካቴናና በማንሻ መልስ አግኝተዋል፤ ዛሬ በአዳዲስ መርከቦች ላይ የሚተከለው ማሽንም የቆመው በእነዚያው መልሶች ላይ ነው። የኔ እምነት፣ የድሮውን ሜካኒካል መሪ በደንብ የተረዳ ሰው የዛሬውን ለመረዳት የሚቀረው ጥቂት ነው የሚል ነው።

በመጀመሪያ ራደር መርከብን እንዴት እንደሚያጥፍ ማወቅ ያስፈልጋል። በመስቀል አደባባይ የሚታጠፍ ሚኒባስ ሾፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞር የፊት ጎማዎቹ አስፋልቱን ይዘው ፊቱን ወደ ቀኝ ይጎትቱታል፣ የኋላውም ይከተላል። መርከብ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ራደሩ ወደ ቀኝ ሲዞር ወደ ኋላ የሚፈሰው ውኃ ቀኝ ገጹን እየገፋ የመርከቧን ኋላ ወደ ግራ ይወስደዋል፤ በዚህም ምክንያት አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ይዞራል። በዚያች ቅጽበት መርከቧ ገና አልታጠፈችም፤ ቀድሞ ወደነበረችበት አቅጣጫ እየሄደች ሰውነቷ ብቻ አግድም ሆኗል። ውኃው ሰፊውን የግራ ጎኗን መግፋት ሲጀምር ነው መንገዷ መጠምዘዝ የሚጀምረው። እንግዲህ ራደሩ የሚያደርገው መርከቧን አግድም ማስያዝ ሲሆን፣ መንገዷን የሚያጥፈው ትልቁ ኃይል የሚመጣው ከራሷ ከመርከቧ ጎን ነው። መርከብ ወደፊት እየተጓዘች ስትታጠፍ የምትሽከረከርበት ነጥብ ከአፍንጫዋ የርዝመቷን አንድ ሦስተኛ ያህል ገባ ብሎ ስለሚገኝ፣ ኋላዋ ከመንገዷ ወደ ውጭ ሰፊ ቅስት ይጠርጋል። ከወደብ ግድግዳ የሚነሳ ካፒቴን ለመራቅ ብሎ ራደሩን በችኮላ ቢያዞር ኋላውን ከግድግዳው ጋር የሚያጋጨው ለዚህ ነው።

ማዕዘኑን ማስፋትም ወሰን አለው። በተለመደው ራደር ላይ ከ35 ዲግሪ ገደማ በኋላ ውኃው የሰሌዳውን ጀርባ ተከትሎ መፍሰሱን ይተውና ይበተናል፤ የጎን ግፊቱ አይጨምርም፣ መርከቧን የሚጎትተው ተቃውሞ ግን ይጨምራል። ስለዚህ የመሪ ማሽኖች የሚሠሩት ወደ እያንዳንዱ ጎን 35 ዲግሪ እንዲያዞሩ ሆነው ነው፤ ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎም ጠንካራ የብረት ማገጃ ይደረጋል።

አሁን ጉልበቱን እናስላ። ስፋቱ 20 ካሬ ሜትር የሆነ ራደርና በሰከንድ 7 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትጓዝ መርከብ እንውሰድ። የባሕር መሐንዲሶች ለመነሻ ግምት የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት ስፋቱን በፍጥነቱ ካሬ፣ ያንን በማዕዘኑ ሳይን፣ ከዚያም በ580 ገደማ ማባዛት ነው፤ ውጤቱ በኒውተን ይገኛል። በ35 ዲግሪ ሲሰላ 326,000 ኒውተን አካባቢ ይመጣል፤ ይህም ሰሌዳው ላይ 33 ቶን እንደተጫነ ያህል ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ ግፊቱ ወደ ሩብ፣ ማለትም ወደ 8 ቶን ገደማ ይወርዳል፤ በእጥፍ ቢጨምር ደግሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ግፊቱ የሚያርፍበት መሐል ከዘንጉ ግማሽ ሜትር ይርቃል ብንል፣ ማሽኑ መቋቋም ያለበት የመጠምዘዝ ኃይል በአንድ ሜትር ክንድ 16 ቶን ተኩል ገደማ ይሆናል። የመርከብ ሠሪዎች የሰሌዳውን የተወሰነ ክፍል ከዘንጉ ፊት እንዲወጣ የሚያደርጉት ይህንን ርቀት ለማሳጠር ነው፤ ከፊት ያለው ክፍል የሚቀበለው ግፊት ከኋላ ያለውን በከፊል ያጣፋዋል፣ ማሽኑም ያን ያህል ይቀልለታል።

በዚህ ስሌት ላይ ሰው እናስገባበት። አንድ ጠንካራ ሰው ክንዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ መዘውር ላይ በ20 ኪሎ ጉልበት ቢገፋ የሚያገኘው በአንድ ሜትር ክንድ 12 ኪሎ ነው። ከዚያ ወደ 16 ቶን ተኩል ለመድረስ ጉልበቱ 1,400 ጊዜ ገደማ መብዛት አለበት። ጉልበት የሚያበዛ መሣሪያ ግን እንቅስቃሴን በዚያው ልክ ይቀንሳልና፣ ራደሩን ከአንዱ ጎን 35 ዲግሪ ወደ ሌላው ጎን 30 ዲግሪ ለማምጣት ሰውየው መዘውሩን 250 ጊዜ ያህል ማዞር ሊኖርበት ነው። የራደሩ ጫና በየማዕዘኑ ስለሚለያይና በሰበቃ የሚባክነውም ስላልታሰበ ይህ ሻካራ ግምት ነው፤ ቢሆንም የችግሩን መጠን በግልጽ ያሳያል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሶላስ የተባለው ዓለም አቀፍ የባሕር ደኅንነት ስምምነት ለዚሁ እንቅስቃሴ የሚፈቅደው ጊዜ 28 ሰከንድ ብቻ ነው። በሰከንድ ዘጠኝ ዙር የሚያዞር ክንድ የለም።

የቀድሞዎቹ መርከቦች ትናንሽና ዘገምተኛ ስለነበሩ ቲለር የሚባለው፣ በራደሩ ዘንግ ራስ ላይ አግድም የሚታሰረው ረዥም ክንድ ይበቃቸው ነበር። መርከቦቹ ሲገዝፉ ቲለሩ ከመርከቧ ወለል በታች ቀረ፤ መሪ የሚይዘው ሰውም ሸራውንና ባሕሩን ማየት ተሳነው። ለጥቂት ዘመናት ከቲለሩ ጋር የተያያዘ ቋሚ ዘንግ ወለሉን አሳልፎ በማውጣት ተሠራበት፤ ይህ ግን ራደሩን ብዙ ማዞር አይችልም ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዛሬ የመርከብ ምልክት ሆኖ የምናውቀው ባለ ብዙ እጀታ መዘውር መጣ። ከመዘውሩ ጀርባ የእንጨት ከበሮ አለ፤ ገመድ ከበሮው ላይ ተጠምጥሞ ሁለቱ ጫፎቹ በፑሌጃዎች እየታጠፉ ወደ ታች ወርደው በቲለሩ ጫፍ ግራና ቀኝ ይታሰራሉ። መዘውሩ ሲዞር ከበሮው አንዱን ወገን እየሰበሰበ ሌላውን ይለቃል።

እዚህ ላይ ከሩቅ የማይታይ እንከን አለ። ከበሮው የሚሰበስበውና የሚለቀው የገመድ ርዝመት ሁልጊዜ እኩል ነው። የቲለሩ ጫፍ ግን በቀጥታ መስመር አይሄድም፤ በቅስት ይሄዳል። ስለዚህ ቲለሩ ከመሐል እየራቀ ሲሄድ አንዱ ወገን የሚፈልገው ርዝመት ሌላው ከሚለቀው ጋር አይመጣጠንም፤ ገመዱ ይላላል። የላላ ገመድ ደግሞ ራደሩ በማዕበል ወዲያና ወዲህ እንዲላጋ ቦታ ይሰጠዋል፤ በእያንዳንዱ መላጋት ገመዱ በድንገት እየተወጠረ ይበጠሳል። መፍትሔው ኳድራንት የሚባለው የክብ ቁራጭ ሆነ። ቲለሩ በአንድ ጫፍ ላይ የሚጎተት ክንድ መሆኑ ቀርቶ፣ መሐሉ በራደሩ ዘንግ ላይ ያረፈ፣ ጠርዙ ላይ ለገመድ ወይም ለካቴና የሚሆን ቦይ የተቦረቦረለት ቅስት ይሆናል። ገመዱ ምንጊዜም ከቅስቱ ላይ የሚወጣው ከዘንጉ እኩል ርቀት ላይ ስለሆነ፣ አንዱ ወገን የሚሰጠውን ሌላው ወገን በትክክል ይወስዳል። በአነስተኛ ጀልባዎች ላይ ይህ አሠራር በብረት ገመድ ዛሬም ይሠራበታል፤ እንዲህ ቀላልና እንዲህ ትክክለኛ የሆነ መሣሪያ ብዙ አይገኝም።

ኳድራንት የመላላትን ችግር ፈታ እንጂ ሁለተኛውን ጥያቄ አልነካውም። ገመድና ካቴና ኃይልን የሚያስተላልፉት በሁለቱም አቅጣጫ ነው፤ ሰው መዘውሩን ሲያዞር ራደሩ ይዞራል፣ ማዕበል ራደሩን ሲመታ ደግሞ መዘውሩ ይሽከረከራል። በማዕበል ጊዜ በድንገት የተፈተለከ መዘውር የያዘውን ሰው አንስቶ ሊጥለውና አጥንቱን ሊሰብረው ይችል ነበር። በትላልቅ የጦር መርከቦች ላይ ሁለትና ሦስት መዘውሮች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው ብዙ ሰዎች በአንድነት ይይዟቸው የነበረው ለማዞር ብቻ ሳይሆን ለመያዝም ጭምር ነው። በካቴናው መስመር መካከል ትላልቅ ሞላዎች መግባታቸውም ድንገተኛውን ምት ለማብረድ ነበር።

በነገራችን ላይ ቲለሩ ወደ ቀኝ ሲገፋ ራደሩ ወደ ግራ ስለሚዞር፣ የድሮ የመሪ ትእዛዝ የሚሰጠው በቲለሩ አቅጣጫ ነበር፤ «ቀኝ» የተባለ መሪ ያዥ መርከቧን ወደ ግራ ያጥፋት ነበር። መዘውር ከመጣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ እንኳ ይኸው ልማድ በብዙ አገሮች ቀጥሎ፣ ትእዛዝና መታጠፊያ አንድ እንዲሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተስማማው በ1930ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመያዝን ጥያቄ በሙሉ የመለሰው የብሎን መሪ ነው። ይህ መሣሪያ የሚቀመጠው ከራደሩ ዘንግ አጠገብ፣ በመርከቧ ጫፍ ላይ ነው። ከመዘውሩ የሚነሳ ረዥም ዘንግ በመርከቧ ቁመት ተጋድሞ፣ ግማሹ የቀኝ ጥርስ ግማሹ የግራ ጥርስ ይወጣለታል፤ በየግማሹም ላይ አንዳንድ ትልቅ ዳዶ ይገባል። ሶማሌ ተራ አካባቢ የመኪና መሪ ሲያስተካክል የታየ መካኒክ ሁሉ ሐሳቡን ያውቀዋል፤ የቴስቲናው ማያያዣ በአንድ ጫፉ ቀኝ፣ በሌላው ግራ ጥርስ ያለው ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለቱን ጫፎች በአንድነት ይስባል ወይም ይገፋል። በመርከቡም ላይ መዘውሩ ሲዞር ሁለቱ ዳዶዎች ወይ ይቀራረባሉ ወይ ይራራቃሉ። ከእያንዳንዱ ዳዶ የሚነሳ ዘንግ በራደሩ ዘንግ ራስ ላይ ከታሰረው መስቀለኛ ክንድ ጫፎች ጋር፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ይገናኛል። አንዱ ወደፊት ሲስብ ሌላው ወደ ኋላ ይገፋል። ሁለቱ በእኩል ኃይል በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሠሩ የራደሩ ዘንግ ይዞራል እንጂ ወደ ጎን አይጎተትም፤ ኩሽኔታውም በአንድ ወገን አይበላም።

ዋናው ጥቅሙ ግን የጥርሱ ተዳፋት ዝቅተኛ መሆኑ ላይ ነው። ዘንጉን ብናዞር ዳዶው ይሄዳል፤ ዳዶውን ብንገፋ ግን ዘንጉ አይዞርም፣ ሰበቃው ይይዘዋልና። ማዕበሉ ራደሩን የቱንም ያህል ቢመታው ምቱ በዳዶው ላይ ይቆማል፤ መዘውሩን የያዘው ሰው ምንም አይሰማውም፣ መዘውሩን ለቆ ቢሄድም ራደሩ በተተወበት ይቆያል። ይህ ደኅንነት ግን ዋጋ አለው። በራሱ የሚይዝ ብሎን ከሚሰጠው ጉልበት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በሰበቃ ያባክናል፤ ይህ የሠሪው ድክመት ሳይሆን የብሎኑ ባሕርይ ነው፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው ሰበቃ ወደፊትም ሲሄድ ይቃወማልና። እንግዲህ ቀደም ብሎ ያሰላነው 250 ዙር በዚህ መሪ ላይ ከ500 በላይ ሊሆን ነው። የብሎን መሪ ለአነስተኛ መርከቦችና ለመጠባበቂያ እጅግ አስተማማኝ ሲሆን፣ ለትልቅና ፈጣን መርከብ ግን የሰው ክንድ ከዚያ ወዲያ ሊረዳው አልቻለም።

ስለዚህ እንፋሎት መግባት ነበረበት። የእንፋሎት ማሽን ራደርን የሚያዞር ጉልበት ማግኘቱ አላስቸገረም። የቸገረው ነገር ሌላ ነው። ብሪጅ ላይ አንድ ቫልቭ ተደርጎ ሲከፈት ማሽኑ ራደሩን ማዞር ይጀምራል፤ ቫልቩ እስካልተዘጋ ድረስ ግን አያቆምም። መሪ ያዡ 10 ዲግሪ ሲፈልግ መቼ መዝጋት እንዳለበት መገመት አለበት፤ ዘግይቶ ከዘጋ ያልፋል፣ ቀድሞ ከዘጋ ይጎድላል፣ ከዘጋ በኋላም ራደሩ የት እንዳለ እርግጠኛ አይሆንም። መዘውር በእጁ ይዞ የኖረ ሰው እጁ የት እንደደረሰ ሲያውቅ ራደሩም የት እንደደረሰ ያውቅ ነበር፤ እንፋሎት ይህን እውቀት ወሰደበት።

ይህን የመለሰው ጆን ማክፋርሌን ግሬይ የተባለ መሐንዲስ ነው። በ1867 በታላቋ ግሬት ኢስተርን መርከብ ላይ የተተከለው የእርሱ የእንፋሎት መሪ፣ ቫልቩን የሚከፍተው ሰው ሲሆን የሚዘጋው ግን ራሱ ማሽኑ እንዲሆን አድርጎ ተሠራ። ግሬት ኢስተርን 211 ሜትር ርዝመት ያላት፣ በዘመኗ አቻ ያልነበራት መርከብ ስለነበረች ችግሩ ከሁሉም በላይ የጸናው በእርሷ ላይ ነበር። በፈረንሳይም ጆሴፍ ፋርኮ በዚያው ዘመን በተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ሠርቶ፣ እንዲህ ራሱን እያስተካከለ ትእዛዝ ለሚከተል ማሽን ዛሬ የምንጠቀምበትን ሰርቮ የሚለውን ስም ለዓለም አስተዋወቀ።

ይህ ሐሳብ ከጊዜ በኋላ በሰፊው የተሠራበት ቅርጽ አንድ ተንሳፋፊ ማንሻ ነው፤ ቀረብ ብለን እንየው፣ የመሪ ማሽን ሁሉ ልብ ይህ ነውና። በአግድም የተቀመጠ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ እናስብ። አንዱ ጫፉ ብሪጅ ላይ ካለው መዘውር ጋር፣ ሌላው ጫፉ ከራደሩ ዘንግ ጋር ተያይዟል፤ መሐሉ ደግሞ ቫልቩን ይይዛል። የማንሻው ማንኛውም ነጥብ መሬት ላይ አልተተከለም፤ ሦስቱም መንቀሳቀስ ይችላሉ። መሪ ያዡ መዘውሩን አዙሮ የፊተኛውን ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ቢገፋው፣ የራደሩ ጫፍ ገና ስላልተንቀሳቀሰ መሐሉ 5 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ቫልቩም ይከፈታል። እንፋሎቱ ገብቶ ማሽኑ ራደሩን ማዞር ሲጀምር፣ ራደሩ ሁለተኛውን ጫፍ በተቃራኒው አቅጣጫ ይዞት ይሄዳል። ይህ ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሄድ መሐሉ ወደነበረበት ተመልሶ ቫልቩ ይዘጋል። ራደሩ የቆመው በትክክል መዘውሩ በጠየቀው ማዕዘን ላይ ነው፤ መሪ ያዡ መዘውሩን ግማሹን ብቻ አዙሮት ቢሆን ራደሩም በግማሹ ላይ ይቆም ነበር።

አሁን ደግሞ መሪ ያዡ ምንም ሳይነካ ማዕበል መጥቶ ራደሩን ጥቂት ገፋው እንበል። የራደሩ ጫፍ ይንቀሳቀሳል፤ መሐሉም አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ቫልቩ ይከፈታል፣ የሚከፈተውም ማሽኑ ራደሩን ወደ ቦታው በሚመልስበት አቅጣጫ ነው። ራደሩ ሲመለስ ቫልቩ ይዘጋል። በታዘዘው ላይ ማቆምንና ከተገፋ መመለስን፣ ሁለት የሚመስሉትን ሥራዎች፣ አንድ የብረት ዘንግ ያለማንም ጠባቂ አከናወነ። እኔ በምሕንድስና ታሪክ ውስጥ ከዚህ በላይ የሚያስደንቀኝ ጥቂት ነገር ነው። ማሽን የሠራውን ሥራ ራሱ እየለካ ከታዘዘው ጋር ማስተያየቱ በኋላ ራሱን የቻለ ሳይንስ ሆኗል፤ ኒኮላስ ሚኖርስኪ በ1922 ስለ መርከቦች ራስ ገዝ አነዳድ ያሳተመው ጥናት፣ ልምድ ያለው መሪ ያዥ የመርከቧን ስሕተት መጠን፣ ስሕተቱ የሚለወጥበትን ፍጥነትና የቆየበትን ጊዜ እንዴት እንደሚመዝን በሒሳብ በማስቀመጡ፣ ዛሬ ከቢራ ፋብሪካ እስከ ሲሚንቶ ፋብሪካ ለሚሠራበት የቁጥጥር ስልት መሠረት ጥሏል።

የእንፋሎት ማሽኑ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ብሪጁ አጠገብ ነበር፤ ኃይሉም በመርከቧ ጎንና ጎን በተዘረጉ ዘንጎችና ካቴናዎች ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። የጨው ውኃ የሚረጨው፣ ፑሌጃው ሁልጊዜ ግራሶ የሚፈልግ፣ የካቴናው ዐይኖች የሚበሉ ረዥም መስመር ስለነበር ማሽኑን ወደ ራደሩ አጠገብ ወስዶ ከብሪጅ ትእዛዙን ብቻ መላክ ተመረጠ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ የመጣው ቴሌሞተር ይህን የሚያደርገው በቀጭን ቱቦ ውስጥ በተሞላ ፈሳሽ ነው፤ በብርድ እንዳይረጋ ውኃው ከግሊሰሪን ጋር ይደባለቃል።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንፋሎቱ ቦታውን በኤሌክትሪክ ሞተር ለሚዞር የዘይት ፓምፕ ለቀቀ። በተለመደው ዓይነት ላይ ሁለት ወይም አራት ወፍራም የብረት ፒስተኖች ከቲለሩ ግራና ቀኝ ተቀምጠው በዘይት ግፊት ይገፉታል። ፒስተን የሚሄደው በቀጥታ መስመር፣ ቲለር የሚሄደው በቅስት በመሆኑ እዚህም ያ የድሮው አለመጣጣም ተመልሶ ይመጣል። ራፕሰን በተባለ ሰው ስም የሚጠራው ተንሸራታች መገጣጠሚያ ግን እንከኑን ወደ ጥቅም ለወጠው፤ ፒስተኑ የሚይዘው ቁራጭ ቲለሩ ላይ እየተንሸራተተ ስለሚሄድ፣ ማዕዘኑ ሲሰፋ ቁራጩ ከዘንጉ ይርቃል፣ ክንዱም ይረዝማል። በ35 ዲግሪ ላይ ያው የዘይት ግፊት መሐል ላይ ከሚሰጠው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጣል፤ ራደሩ አብዝቶ የሚከብደውም ብዙ በዞረ ጊዜ ነው። በሌላ ዓይነት ደግሞ ፒስተን ሳይኖር ከራደሩ ዘንግ ላይ የወጡ ክንፎች በተዘጋ ክብ ቤት ውስጥ በዘይት ይገፋሉ፤ ቦታ ስለማይፈጅ በብዙ መርከቦች ላይ ተመራጭ ሆኗል።

ተንሳፋፊው ማንሻ በዘይት ማሽን ውስጥ ሥራውን አልለወጠም። መሐሉ የእንፋሎት ቫልቭ መያዙ ቀርቶ፣ ፓምፑ በአንድ ዙር የሚገፋውን የዘይት መጠን የሚወስነውን ዘንግ ይይዛል። ማንሻው መሐል ላይ ሲሆን ፓምፑ ይሽከረከራል፣ ዘይት ግን አይገፋም። የተዘጋ ዘይት አይጨመቅምና የብሎኑን የመያዝ ሥራ አሁን የወሰደው እርሱ ነው። እጅግ ከባድ ማዕበል ሲመታ ደግሞ ማሽኑ እንዳይሰበር የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ ወደ ሌላኛው ወገን ያልፋል፤ ራደሩ ለጊዜው ይለቃል፣ ማንሻው ግን ወዲያውኑ ይመልሰዋል። በአዳዲስ መርከቦች ማንሻውን በራደሩ ዘንግ ላይ የተተከለ የኤሌክትሪክ መለኪያ ተክቶታል፤ የታዘዘውንና የተደረሰበትን ልዩነት ግን ያው እንደ ማንሻው መሐል ያሰላል። ቀደም ብሎ የተጠቀሰው የ28 ሰከንድ ደንብ 35 ዲግሪ ድረስ ሳይሆን 30 ዲግሪ ድረስ ብቻ የሚለካውም፣ ራደሩ ወደ ታዘዘበት ሲቃረብ ፓምፑ ቀስ በቀስ ስለሚዘጋና የመጨረሻዎቹ ዲግሪዎች ስለሚዘገዩ ነው።

ዘይት ባለበት ሁሉ መፍሰስ አለ። መጋቢት 16 ቀን 1978 አሞኮ ካዲዝ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወደ ሮተርዳም ስትጓዝ በፈረንሳይ ብሪታኒ ዳርቻ የመሪ ማሽኗ የዘይት መስመር ተከፈተ፤ ማያያዣውን የያዙት ብሎኖች ተበጥሰው ነበር። ዘይቱ ሲያልቅ ራደሩን የሚይዘው ምንም አልነበረም፤ ማዕበሉ ወዲያና ወዲህ ያላጋው ጀመር፤ ሊጠግኑት የቀረቡ ሠራተኞችም አልቻሉም። ጎታች መርከብ ደርሶ ቢሞክርም መርከቧ በዚያው ዕለት ምሽት ዐለት ላይ ወጣች፤ ከ220,000 ቶን በላይ ድፍድፍ ነዳጅም ወደ ባሕሩ ፈሰሰ። ከዚያ አደጋ በኋላ በጸደቁት ደንቦች መሠረት፣ 10,000 ቶንና ከዚያ በላይ የተመዘገቡ ነዳጅ ጫኞች አንዱ የመሪ ማሽን ክፍል ቢበላሽ በ45 ሰከንድ ውስጥ መሪያቸውን መልሰው እንዲያገኙ ይገደዳሉ። መጠባበቂያው መሪም ራደሩን ከ15 ዲግሪ ወደ ሌላው ጎን 15 ዲግሪ በ60 ሰከንድ ውስጥ፣ መርከቧ በከፍተኛ የአገልግሎት ፍጥነቷ ግማሽ ወይም በ7 ኖት (በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ ከሁለቱ በሚበልጠው እየተጓዘች፣ ማዞር ይጠበቅበታል።

መጋቢት 26 ቀን 2024 ዳሊ የተባለችው የኮንቴይነር መርከብ በባልቲሞር ኤሌክትሪኳ ጠፍቶ ከድልድይ ጋር ስትጋጭ ድልድዩ ላይ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች መሞታቸውን ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን ተከታትለናል። ይህ አደጋ የሚያስተምረው ከመሪ ማሽኑ ውጭ ያለውን ነው፤ ራደር የሚሠራው በሚፈስበት ውኃ ነውና፣ ከፊቱ ያለው ፕሮፔለር ሲቆም አብዛኛውን አቅሙን ያጣል፤ የመሪው ፓምፕ ከመጠባበቂያ ጄኔሬተር ኃይል ቢያገኝም እንኳ።

እነዚህን ነገሮች በባሕር ዳርና በቢሾፍቱ ባቦጋያ የሚሠለጥኑ ወጣቶቻችን በተግባር ይማሯቸዋል፤ መርከብ ላይ ሲሳፈሩም በየሦስት ወሩ የአደጋ ጊዜ መሪ ልምምድ ይጠብቃቸዋል። በልምምዱ የብሪጁ መዘውር ከጨዋታ ውጭ እንደሆነ ተቆጥሮ፣ አንድ መሐንዲስ በመርከቧ ጫፍ በሚገኘው ጠባብና ጫጫታ የበዛበት የመሪ ክፍል ውስጥ ፓምፑን በእጁ ይቆጣጠራል፤ ትእዛዙ በስልክ ይመጣለታል፣ የሰማውን ደግሞ ይመልሳል፣ ራደሩን ያዞራል፣ የደረሰበትን ዲግሪ ያሳውቃል። ማንሻው ይሠራው የነበረውን ሥራ ያን ጊዜ ሰውየው በዐይኑና በእጁ ይሠራዋል።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት ባሉት 12 ሰዓታት ውስጥም የመሪ ማሽኑ መፈተሽ አለበት። ሁለቱ ፓምፖች በየተራ ይነሳሉ፤ ራደሩ እስከ ሁለቱም ዳር ይዞራል፤ የዘይቱ መጠን፣ የቱቦ ማያያዣዎችና የብሎኖች ጥብቀት ይታያል፤ ከብሪጁ ጋር ያለው ስልክ ይሞከራል። በራደሩ ዘንግ ላይ በዲግሪ የተሰመረ የብረት ሚዛንና በቀጥታ የታሰረ መርፌ አለ፤ የሚፈትሸው ሰው የዚያን ንባብ ብሪጅ ላይ ከሚታየው ንባብ ጋር ያስተያያል። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚታመነው የዘንጉ መርፌ ነው፤ በእርሱና በራደሩ መካከል ሽቦም ዘይትም የለምና፣ የብሪጁ መለኪያ በእርሱ ልክ እስኪስተካከል ድረስ መርከቧ ከወደብ መነሳት የለባትም።